ዘይት የጠገበችው መኪና

ትናንት ከሰዓት ወንድምሽ ይሁኔ ባጃጁን ግቢው ውስጥ አቁሞ ከሥሯ ሲጋደም፣ እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ከሆዷ አንድ ነገር ፈታ። ያ ጥቁር ዘይት ሳፋው ላይ ጠብ ጠብ አለና ኋላ ይፈስ ጀመር። ሽታው መጣ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። አንቺ ከቤት ወጣ ብለሽ "እማማ፣ ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሰዎት?" አልሽኝ። "አዎ፣ ሽንኩርቱ ነው" አልኩሽ። ሽንኩርቱ አልነበረም፣ መቅደስ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ነገር ይንገሩኝና ልጻፍ ካልሽ ይኸን ጻፊልኝ። እንዳወራሁት ጻፊው፤ አታሳምሪው።

ያን ዓመት የፊት ጥርሴ ወልቆ ገና አልበቀለም ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አሁን አስፋልት ነው፤ ያኔ አቧራ ነበር። መኪና ሲያልፍ እኛ ልጆች አቧራው ውስጥ ገብተን እንሮጥ ነበር፤ ሽታው ደስ ይለናላ።

እናቴ አለበል የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። ከብት ጠፍቶበት ተገርፎ ከቤት የኮበለለ ልጅ ነው አሉ። የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፣ ኋላ ሹፌር ሆኖ ተመለሰ። የሚነዳት መኪና የሱ አይደለችም፤ የአንድ የቡሬ ነጋዴ ናት። አሮጊት ናት፤ ቀለሟ አረንጓዴ ነበር ይላሉ፣ እኔ ሳያት ግን የአፈር ቀለም ነበራት። በርበሬ በሚደርስበት ወቅት ከገበሬው እየሰበሰበ ሲጭን፣ ማደሪያው የኛ ግቢ ነው። እናቴ "አለበል ሲመጣ ውሻው ሳይጮህ አፍንጫዬ ያውቃል" ትል ነበር። ጋቢውም፣ አንገቱም፣ የሚጎርስበት እጁም ዘይት ዘይት ይላል።

እኔ መጀመሪያ "አያ አለበል፣ እንደምን አደሩ" ስለው "ቄስ ነኝ እንዴ? አንተ በይኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ እለው ነበር። አባቴን አንቱ እያልኩ የእናቴን ወንድም አንተ ማለት ነውር ነው፤ ግን እሱ ራሱ ነው የፈቀደው። እኔን ደግሞ "የኔ ሹፌር" ይለኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሳ ኮፈኑን ይከፍታል። ያኔ ያነሳኝና የፊት ብረቷ ላይ ያቆመኛል። ከሞተሩ ጎን ቀጭን ዘንግ ይመዛል፣ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይመዘዋል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ሁለት ጭረት አለ። "ዘይቱ ከዚህ ከታችኛው ካነሰ ይጠማታል። ከዚህ ከላይኛው ካለፈ ደግሞ ይከፋታል። መሐል ላይ ነው።"

"ከከፋትስ?"

"ከከፋትማ አለቀ! ደግሞ ሳትሞቅ ነው የምታይው። ሜዳ ላይ ቆማ። ጠዋት ሳታይ የሚነሳ ሹፌር፣ ሹፌር አይደለም።"

ይከፋታል ሲል እኔ የገባኝ እንደ እንግዳ ታኮርፋለች ብዬ ነው። ብዙ ዘይት ተሰጥቶት የሚያኮርፍ ምን ዓይነት እንግዳ ነው እያልኩ አስብ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ከኋላችን መጥቶ ዘንጉን አየ። ዘይቱ ጥቁር ነው፣ እንደ ጥላሸት። አባቴ ፊቱ ተለወጠ። "ይኸማ ተበላሽቷል፣ አለበል! ይኸ የታመመ ከብት ደም ነው።"

"አይደለም ጋሼ። የጠቆረው ሥራ ስለሠራ ነው። የሞተሩን ጉድፍ እያጠበ ነው። ልብስ ያጠቡበት ውሃ ነጭ ይሆናል?"

"ያጠቡበትን ውሃ ይደፉታል እንጂ ሆድ ውስጥ አያስቀምጡትም።"

"ጊዜው ሲደርስ ይደፋል ጋሼ። ጊዜው አልደረሰም።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። የሰማ መሰለ እንጂ አልሰማም። አባቴ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ መቅደስ። የከብት ሰው ነው። የጎረቤት በሬ ሲታመም እንኳ ምግብ አይበላም።

እና የአባቴ ልብ ለምን እንደዚያ እንደሆነ እንድታውቂ፣ የላሟን ነገር ልንገርሽ። መስከረም ላይ፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ዳልቻዋ ላማችን ገመዷን በጥሳ ማገጥ ውስጥ ገባች። ማገጥ ሳር ነው፣ ከክረምት በኋላ ሜዳውን የሚሸፍነው፣ ለምለም፤ እርጥቡን በባዶ ሆዷ የጋጠች ላም ትነፋለች። ደርሰን ስናያት የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ዓይኗ ፈጧል፣ በአፏ አረፋ ይወጣል። እናቴ "አለቀች!" ብላ ራሷን ያዘች። አባቴ ግን ሮጦ የኑግ ዘይት አመጣ። ጫፉ የተቆረጠ የበሬ ቀንድ አለው፣ ለከብት መድኃኒት ማጠጫ። ቀንዱን በከንፈሯ ጥግ አስገብቶ ዘይቱን ቀስ እያለ አንቆረቆረላት። እኔ ጭራዋን ይዣለሁ። ቆይታ ቆይታ አንድ ግሳት አገሳች፣ ግቢው በሽታ ተሞላ፣ ጎኗ ሙሽሽ አለ፣ ተነስታ ቆመች! አባቴ አንገቷን አቅፎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ዘይት ነው ያዳናት" እያለ ሲያወራ ከረመ።

የመኪናውንም ዘይት ቢሆን ወደደው። አለበል የደፋውን ጥቁሩን ወስዶ የአጥሩን ግንድ ቀባው፤ ምስጥ ራቀው። ቀንበር የላጠውን የበሬውን ጫንቃ ቀባው፤ ዝንብ ሸሸው። እናቴ ብቻ ትፈራ ነበር። የኔ ቀሚስ ላይ ጠብ ብሎ ሳይለቅ ሲቀር "ሞራ ቢሆንስ? በጾም ቤተ ክርስቲያን ይዣት ልገባ?" ብላ የንስሐ አባታችንን ጠየቀች። አባ ቀሚሴን አንስተው አሸተቱ፣ አስነጠሳቸው።

"ከምንድን ነው የሚወጣው?" አሉ።

አለበል "ከመሬት ነው ይላሉ፣ አባ" አላቸው።

"ከመሬት ከሆነማ ጾም ነው። ግን አትብሉት!"

ያን ለት ሁሉም ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ "አየሽ? ክፉ ነገር የለበትም" አላት እናቴን።

ጥቅምት ላይ ነው፣ እራት ተበልቶ ሁሉም መደብ ላይ እንደተቀመጠ፣ አለበል ድንገት እኔን እያሳየ "ጋሼ፣ ይችን ልጅ ስጡኝ" አለ።

"ምን ልታደርጋት?"

"ባለመኪናው የዘንድሮውን በርበሬ በሰላም ካደረስክ መኪናዋን አብረን እንይዛታለን ብሎኛል። ያኔ ፍኖተ ሰላም ቤት እይዛለሁ። ይታይሽን ትምህርት ቤት ላስገባት። አስተማሪውን አውቀዋለሁ፤ እስከ መስከረም ፊደል ስትቆጥር ትቆያለች።"

አባቴ "ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ልትቀድስ ነው?" አለ።

"መኪና ትነዳለች!"

አይ፣ የተሳቀው ሳቅ! እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንፈቀፈቀች። እኔ አልሳቅሁም። ማንም እንዳይሰማኝ ምሰሶውን ተደግፌ ትንፋሼን ይዣለሁ። ሳቁ ሲበርድ አባቴ "በርበሬው በሰላም ይድረስ። ያኔ ትሂድ" አለ። የአባቴ ቃል ከወጣ አይመለስም።

እንግዲህ የኔ ፊደል በርበሬው ላይ ተንጠለጠለ፤ በርበሬውም መኪናዋ ላይ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ተነስቼ የማያት እሷን ነው። ማታ ስተኛ "ሚካኤል ሆይ፣ መኪናዋን ጠብቅልኝ" እል ነበር። ለራሴ እንኳ አልጸለይኩም፣ ለሷ ነው።

ኅዳር ሆነ። በርበሬው ተለቀመ፣ አውድማው ላይ ተሰጥቶ አገሩ ቀላ፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር መንደሩ ሁሉ ያስነጥሳል። ትልቁ ጭነት የሚሄደው በሚካኤል ማግሥት ሆነ። በዚያ ጭነት እኔም አብሬ ልሄድ፣ ትምህርት ቤቱን ላይ፣ አስተማሪውም ሊያየኝ። እናቴ አዲስ ቀሚስ አሰፋችልኝ።

በዚያ ሰሞን አለበል ለእናቴ "ዳገት ላይ ትደክምብኛለች፣ አርጅታለች" ሲላት አባቴ ሰምቷል። ነገሩን በልቡ ያዘው።

በሚካኤል ዕለት ጠዋት አለበል ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ "ደህና ናት" አለኝ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከዚያ ከማኅበርተኛው ጋር ጠላ ሊጠጣ ነው፤ በዓል ነውና። እናቴም እዚያው ናት። አባቴ ግን ከቅዳሴ እንደወጣ በርበሬውን ሊጠብቅ ተመለሰ፣ እኔም ተከትየው መጣሁ። ግቢ ስንገባ ቀጥ ብሎ ወደ መኪናዋ ሄደ። አለበል መቀመጫው ሥር አዲስ ዘይት በጀሪካን ያስቀምጣል፤ አወጣው። ያን የበሬ ቀንድ ከጎተራው ሥር አመጣ። ኮፈኑን አነሳ። አፏ የት እንደሆነ ከአለበል ኋላ ቆሞ አይቷል፤ ክዳኑን ፈታ።

"አባዬ፣ አያ አለበል እስከ ጭረቱ ነው የሚሉት" አልኩት። በአባቴ ፊት አለበልን አንተ አልልም።

"እሱ የሰው ዕቃ ነው የሚነዳው፣ ይሳሳል። ልጄን ተሸክማ የምትሄድ ከብት ከኔ ግቢ ጎደሎ ሆዷን አትወጣም።"

አፈሰሰው። ያ አዲሱ ዘይት እንዴት ያምራል፣ እንደ ማር ነው፣ ፀሐይ ያልፍበታል። ቀንዱን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ እንደ ላሟ ጊዜ፣ ቀስ እያለ፣ "ጠጪ፣ እሰይ፣ ጠጪ" እያለ። ጀሪካኑ እስኪያልቅ። ሲያልቅ አፏን በጋቢው ጫፍ ጠረገላት፣ ክዳኑን አሰረ፣ ብረቷን እንደ ላም አንገት መታ መታ አደረጋት። "አሁን ዳገቱን ትወጣዋለች" አለኝ። እኔ ደስ አለኝ፣ መቅደስ። አባቴ ለኔ ብሎ ከብት አጠጣ። የሚካኤል መልስ ነው ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጭነቱ ተጭኗል። እናቴ ፀጉሬን ቅቤ ቀብታ፣ አዲሱን ቀሚስ አልብሳኝ፣ ዳቦ በእጄ አስይዛኝ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጥኩ። አለበል ዓይኑ ቀልቷል፣ ገና የበዓሉን ጠላ ይሸታል። እጁን ኮፈኑ ላይ አደረገ፣ ሊከፍት። በርበሬ የጫኑት ሰዎች ከላይ "ኧረ አለበል! ፀሐይ ወጣች እኮ! ጠላው አልበረደልህም?" ብለው ጮኹበት። ሳቀ፣ እጁን አነሳ፣ ወጥቶ ተቀመጠ። አባቴ መንገዱ ላይ ቆሞ "በሰላም ያግባችሁ" ብሎ መረቀን።

ትንሽ እንደሄድን በመስኮት ወደ ኋላ ባይ ነጭ ጢስ ይከተለናል፣ ወፍራም። ጠዋት በብርድ የሚያርስ በሬ በአፍንጫው እንደሚያወጣው እንፋሎት ነው የመሰለኝ። ጠግባለች፣ ደስ ብሏታል አልኩ በልቤ። አለበል ግን በመስታወቱ እያየ "ምን ሆነሻል? ምን ሆነሻል?" ይላታል። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ድምጿ ተለወጠ። ሙቀጫ ውስጥ ብረት የሚወቅጡ ይመስላል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከዚያ አንዴ ተንዘፈዘፈችና ዝም አለች። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ሰዎቹ ዘለው ወርደው ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቁላት።

አለበል ኮፈኑን ሲከፍት አጠገቡ ነኝ። በየስፌቱ ዘይት ያልባታል። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሲፈታው አረፋ ገንፍሎ ወጣ፣ እሳት ላይ እንደተረሳ ወተት። ዘንጉን መዘዘ። ጠረገው፣ መለሰው፣ መዘዘው። ዘይቱ ከጭረቱ አልፎ ወደ ጣቱ ወጥቷል። እንደገና ጠረገው። እንደዚያው ነው። ዘንጉን ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል፣ ነገሩ እንዳልገባው ሰው።

እኔ እንዲያዝን አልፈለግሁም። ጠጋ አልኩና "አባዬ ናቸው እኮ ያጠጧት። ትናንት። እንዳትደክምብህ ብለው" አልኩት።

ቀስ ብሎ ዞረ። "ምን ያህል?"

"ጀሪካኑ እስኪያልቅ። በቀንዱ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ዘንጉን እንደያዘ። ሰዎቹ በርበሬውን ሲያወርዱ ይጮኻሉ፣ እሱ አይሰማም። ኋላ ቀና ብሎ አየኝ፣ ቀሚሴን፣ ፀጉሬን፣ እጄ ላይ ያለውን ዳቦ።

"ሌላ ሰው አየ?"

"ማንም አላየ።"

"እንግዲያው ለማንም አትንገሪ። መልካም ሥራ አይወራም፣ የኔ ሹፌር። ለአባትሽ ብቻ፣ አለበል እግዜር ይስጥልኝ ብሎዎታል በያቸው። ጠዋት ሳላይ መነሳቴ የኔ ጥፋት ነው።"

የመጨረሻዋን ለራሱ ነው ያላት፤ እኔ ግን ሰማኋት።

ባለመኪናው ከቡሬ መጣ። ሞተሩን አየ፣ አለበልን ጠጋ ብሎ አሸተተ። "ጠጥተህ ነው የነዳህ!" አለው በሰው ሁሉ ፊት።

"አዎ፣ ትናንት ጠጥቼ ነበር" አለ አለበል።

"ዘይቷን አይተሃል?"

"አላየሁም።"

በርበሬው መንገድ ዳር ጤዛ እየመታው ከረመና ጠቆረ። መኪናዋን በሌላ መኪና ጎትተው ወሰዷት፤ አፏ ተከፍቶ፣ እንደ ሞተ ከብት።

አባቴ ሲሰማ በቁጣ ጮኸ። "ከሰካራም ጋር ነው ልጄን ልሰድ የነበረው! ቢገለብጣትስ ኖሮ?" እናቴ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ መልእክቴን አደረስኩ። ጆሮው ሥር ሄጄ "አያ አለበል እግዜር ይስጥልኝ ብለውዎታል፣ ስላጠጧት" አልኩት።

"ይበል እንጂ! ያ ዘይት ባይኖርማ እዚያ ዳገትም ባልደረሰ" አለ አባቴ።

እኔም አመንኩት። ለምን አላምንም? ላሟን አድኗታል።

አለበል ከሳምንት በኋላ መጣ፣ ግን አልገባም። አጥሩ ላይ ቆሞ እናቴን አስጠራት። "ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሰው ይፈልጋሉ አሉ" አላት። አባቴ ከቤት አልወጣም። እናቴ "ግባና ታረቀው እንጂ፣ እግሩ ላይ ውደቅ" ስትለው "ምን ብዬ ልታረቅ፣ እታለም?" አላት። እኔን አየና ፈገግ አለ። ያቺን ዘንጉን የሚጠርግባትን ጨርቅ አጥሩ ላይ ረስቶ ሄደ። እናቴ ከትራሷ ሥር አደረገቻት። ማታ ማታ ታሸታት ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ሽታዋ ጠፋ፤ እሱም አልተመለሰም። መስከረም ሲጠባ ሌሎቹ ልጆች ሄዱ፤ እኔ ጥጃ እጠብቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ነው፣ እሱን አልነግርሽም።

ትናንት ይሁኔ አዲሱን ዘይት ሲጨምር ያ ማር የመሰለው መልኩ መጣ። ትንሽ አፈሰሰና አቆመ፤ ትንሿን ዘንግ መዝዞ አየ፣ የዘይቱን ዕቃ ከደነው። "ሙላላት እንጂ ልጄ፣ ምን ያሰስትሃል?" አልኩት።

"እማማ፣ ዘይት ሲበዛ እኮ ይገድላታል። ብረቱ እየመታው አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ ብረቱን አያለሰልስም። ዘይት ሞልቶላት፣ ዘይት እንደሌላት ተፋጭታ ትነክስና ቀጥ ትላለች።"

አረፋ! ሽንኩርቱ ከእጄ ወደቀ።

"ማገጥ እንደበላች ላም ነዋ?" አልኩት።

"ማገጥ ምንድን ነው?" አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ። አለበል "ይከፋታል" ነበር የሚለው። "ትነፋለች" ብሎ ቢሆን ኖሮ! አንዲት ቃል ናት። ጋሼ፣ ዘይት ሲበዛባት ማገጥ እንደጋጠች ላም ትነፋለች፣ በአፏ አረፋ ይወጣል ቢለው፣ አባቴ ያን ቀንድ ከጎተራው ሥር አያነሳውም ነበር። ላም ስትነፋ ከማንም በፊት የሚሮጥ ሰው ነው እኮ። ግን አለበል ከብት ጠፍቶበት የኮበለለ ልጅ ነው፤ የከብት ነገር አፉ ላይ አይመጣም። አባቴም ከከብት ሌላ አያውቅም። ሁለቱም አፈር ገብተዋል፤ እኔ ነኝ የቀረሁት፣ ለማን ልንገረው?

አባቴ እስኪሞት "የሚስቴ ወንድም መኪና በስካር ገደለ፣ እኔ እንኳ ያን ያህል ዘይት አጠጥቼለት" ይል ነበር። አለበል ደግሞ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የአባቴን ስም ከፍ አድርጎ፣ የራሱን አፈር ላይ ጣለ። እኔ መሐላቸው ሄጄ ያንን እግዜር ይስጥልኝ አደረስኩ። ምስጋና መስሎኝ። ምስጋናም ነበር ይሆናል፤ አባቴ ለኔ ብሎ እንዳጠጣት ለአለበል ገብቶታል። እንጃ።

በይ ይበቃል። ደክሞኛል። ስልኩን ወዲህ አድርጊው እስቲ። ይኸ ሁሉ እኔ ያወራሁት ነው? ፊደሉ እንደ ጉንዳን ተሰልፏል። እግዜር ይስጥልኝ የሚለው የቱ ጋ ነው? አይ፣ አንቺ አታንብቢልኝ፣ ሰምቼዋለሁ። ጣቴን ያዥና አስቀምጭልኝ፤ እዚያ ላይ።